የካርቶን መነጽርና አርባ አንድ ስግደት

ሰው ሁለት ዓይን ለምን እንደ ተሰጠው አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስከ ሠላሳ ዓመቴ ድረስ አንደኛው ለመጠባበቂያ ነው ብዬ አምን ነበር። አትፍረዱብኝ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ሙያ ሁለት ሆኖ የተተከለ ነገር ሁሉ አንዱ ሲቃጠል ሌላው እንዲሠራ የተቀመጠ ነው። ጆሮም ሁለት፣ ኩላሊትም ሁለት፣ እጅም ሁለት። ያለ መጠባበቂያ የተሰጠን ምላስ ብቻ ነው፤ እሱም ይኸን ሁሉ ሥራ እየሠራ ሲቃጠል አይቼ አላውቅም። በዚሁ እምነቴ ጸንቼ ስኖር አንድ የካርቶን መነጽር መጣና አፈረሰብኝ፤ ሚስቴንም ሊያሳጣኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

በደርግ ዘመን ነው። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፋብሪካ እሠራ ነበር። የሰባታሚት ገበሬ ልጅ ስለሆንሁ ከተማ ለመግባት የፈጀብኝ ትንሽ የእግር መንገድ ነው፤ ከተሜ ለመምሰል ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል። ፋብሪካችን ውስጥ ማሽን ሊተክል ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ አንድ ረጅም መካኒክ ነበር። ከአማርኛ የሚያውቀው «እሺ» እና «ነገ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ሲሆን፣ በመሥሪያ ቤታችን ሥራ ለማካሄድ ከዚያ በላይ ቃል አያስፈልግም ነበር። ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ከሻንጣው የካርቶን መነጽር አውጥቶ ሰጠኝ። ግራው እንደ መስኮት ጥርት ያለ፣ ቀኙ ጥላሸት የተቀባ የሚመስል ጥቁር ነው። አጠቃቀሙን በእጁ አስረዳኝ። መጀመሪያ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተ፤ ቀጥሎ እጁን ከቴሌቪዥኑ እያወጣ እስከ አፍንጫዬ ድረስ አመጣው፤ በመጨረሻ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ይህች የመጨረሻዋ ምልክት አልገባችኝም። የጀርመን ስንብት መስላኝ እኔም አንድ ዓይኔን ሸፍኜ ራሴን ነቀነቅሁለት።

ቴሌቪዥኑ የነበረው በሠራተኞች ክበብ ውስጥ ነው። አመሻሽ ላይ ሥርጭት ሲጀምር ሰፈሩ ሁሉ ወንበሩን እየያዘ ይመጣል። ደኅና ቀን ከሆነ ሰው ይታያል፤ ካልሆነ መስተዋቱ ላይ በረዶ ይዘንባል፤ ሁለቱንም በእኩል ትዕግሥት እናያለን። መነጽሩን አጠለቅሁና ተቀመጥሁ። ዜና አንባቢው ያው ነው፣ ግድግዳ ላይ እንደ ተለጠፈ ፎቶግራፍ። በኋላ ሰልፍ መጣ። ሰልፈኛው ከግራ ወደ ቀኝ መራመድ ሲጀምር ከመስተዋቱ ወጥቶ በክበቡ ወለል ላይ የሚሄድ መሰለኝና፣ ባንዲራ የያዘው ሰውዬ እንዳይረግጠኝ እግሬን ሰበሰብሁ። ሰው ሳቀብኝ። መነጽሩን ከእጄ የነጠቀው ሳቂታ ግን ኳስ ሲመጣበት እሱም ጎንበስ አለ፤ ከሱ የተቀበለውም እንደዚያው። በረዶው እንኳ በዚያ መነጽር ሲታይ እንደ ውኃ አዙሪት ይሽከረከር ነበር።

ታዲያ መነጽሩ አንድ ጠባይ ነበረው። የሚያወጣው የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ነው፤ ያውም ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደውን። ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ ካሜራው ከመንገዱ ማዶ ተሻግሮ ያንኑ ሰልፍ ሲያሳይ፣ ቅድም ወደ እኛ ይገሠግሥ የነበረው ሰልፈኛ አሁን ወደ ኋላ ይሸሻል። ይኸን ያስተዋሉት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ጓድ አዳሙ፣ ለምንድን ነው የሚያፈገፍጉት?» አሉኝ። መነጽሩን ገልብጠው እንዲያደርጉት ነገርኋቸው። ገለበጡት። አሁን እነዚያ ወጡ፣ እነዚህ ገቡ። «ሁሉም የሚወጡበት የለም?» ሲሉኝ «የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልሁ። ጥቂት አሰቡና፣ እንግዲያው ሰልፍ በሚታይበት ሰዓት መነጽሩ ኪሴ ውስጥ እንዲቆይ፣ ለኳስና ለጭፈራ ብቻ እንዲወጣ አዘዙ። በዚሁ ተስማማን።

እንግዲህ ወደ ሚስቴ ልምጣ፤ ያን ጊዜ ገና ሚስቴ አልነበረችም። ማስተዋል ትባላለች፤ ባሕር ዳር ውስጥ አስተማሪ ናት። አባቷ መሪጌታ ይትባረክ በቁንዝላ በኩል ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ የመጣልኝ መልስ «መጥቼ በዓይኔ ልየው» የሚል ነው። ማስተዋል በዚያ ሰሞን ቁጭ አድርጋ መከረችኝ። «አባዬ ድኻ ነው፣ የገበሬ ልጅ ነው ብለው አይንቁህም፤ እሳቸውም ገበሬ ናቸው» አለችኝ። «የሚጠሉት ውሸት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከዋሸሃቸው ማንም ቢለምናቸው አይመለሱም።»

«ውሸትማ ከየት አመጣለሁ» አልኋት፤ ከልቤ ነበር።

መሪጌታ በቁንዝላው ጀልባ መጡ። ሁለት ደቀ መዛሙርት ተከትለዋቸዋል። ወደቡ ላይ ዝቅ ብዬ እጅ ስነሳ ፊታቸውን ወደ ግራ መለስ አድርገው በቀኝ ዓይናቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። የኋላዎቹም ሁለቱ ልክ እንደዚያው ፊታቸውን ወደ ግራ መለስ አደረጉ። ሦስት ቀኝ ጉንጭ ተደርድሮ ተቀበለኝ ብላችሁ ታምናላችሁ? ገና ሳያናግሩኝ የናቁኝ መሰለኝ። ማስተዋል ቀስ ብላ አጽናናችኝ። የአባቷ ደቀ መዛሙርት ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ በሐይቁ ዙሪያ የይትባረክ ቤት ልጆች የሚታወቁት በዚህ አንገት ነው፤ ዜማው አምሮ የሚወጣው አንገት በዚህ በኩል ሲሰበር ነው ይባላል። እኔ በዜማ ነገር ምን እላለሁ። እንዲያውም አጠገባቸው ስሄድ አንገቴ ሳይታወቀኝ ወደ ግራ መዞር ጀምሮ ነበር።

ሰው በጣም ሊወደድ ሲፈልግ የማያደርገው ነገር የለም። ዕድሜያቸውን በብራና ላይ ያሳለፉ ሊቅ ናቸው፤ ምን ባሳያቸው ይደነቃሉ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ያ መነጽር ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ዕለት እኔም የክበቡም ሰዎች ስለ መነጽሩ ስናወራላቸው ውለን፣ እሑድ አመሻሽ ላይ ወደ ክበቡ ይዣቸው ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ከፊት ወንበራቸው ተነሥተው አስቀመጧቸው። ኳስ ጨዋታ ነበር። መጀመሪያ እኔ መነጽሩን አጥልቄ እንዴት እንደሚታይ አሳየሁ፤ ኳሱ ሲመጣ ጎንበስ፣ ሲያልፍ ቀና፤ ትንሽም አጋንኜዋለሁ። ከዚያ ለሳቸው ሰጠኋቸው። «ተው እባክህ» ብለው ነበር፤ ማስተዋል «ለኔ ሲሉ፣ አባዬ» ብላ በጥምጥማቸው ሥር አስገብታ አደረገችላቸው። ስልሳ የሚሆን ሰው ቴሌቪዥኑን ትቶ እሳቸውን ማየት ጀመረ።

«ምን ይታይዎታል፣ መሪጌታ?» አልሁ።

«መሽቷል» አሉ።

«ኳሱስ አይወጣም?»

«ወዴት ነው የሚወጣ? እዚያው ሣጥናቸው ውስጥ ይሯሯጣሉ። ያውም በጨለማ።»

ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ «ንቃት ይጎድላቸዋል» አሉ። እኔ ገልብጠው ያደረጉት መስሎኝ ተቀብዬ አየሁት፤ አልተገለበጠም። ለማናቸውም ብዬ ጥቁሩን ወደ ግራ ዓይናቸው አዛውሬ መለስሁላቸው።

«አሁን ነጋ» አሉ መሪጌታ። «ይኸ ደግሞ ጭራሽ መነጽር ያደረግሁም አይመስለኝ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። ሁለት አምፖል በተሰቀለበት ክፍል አንዱን ስትሸፍኑት ቤቱ ከጨለመ፣ ሌላውን ስትሸፍኑት ግን ምንም ካልተለወጠ፣ ያ ሌላው የተቃጠለ አምፖል ነው። ይኸን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሆን ይበቃል። መሪጌታ ግራ ዓይናቸው አያይም። የጀርመኑ ስንብትም ያን ጊዜ ገባችኝ፤ ሰውዬው ይኸ ነገር በአንድ ዓይን አይሆንም ነበር የሚለኝ። የባሰው ደግሞ መሪጌታ ራሳቸው አለማወቃቸው ነው። ከውጭ ሲያዩት ዓይኑ ደኅና ነው፣ ያበራል፣ ይርገበገባል፤ ማን ይጠረጥረዋል?

እስቲ እናንተ በኔ ቦታ ሁኑ። ስልሳ ሰው ይሰማል፤ ሁለት ደቀ መዛሙርት ከኋላ ቆመዋል፤ ልጃቸው ከጎናቸው ናት። አማች ሊሆን የመጣ ሰው ተነሥቶ «መሪጌታ፣ አንድ ዓይንዎ አይሠራም» ይላል? አፌ አልታዘዘኝም። ሌላ ነገር ተናገረ።

«እውነትዎን ነው፣ መሪጌታ። የሚወጣ ነገር የለም። ስንቀልድ ነው።»

መነጽሩን ቀስ ብለው አወለቁ። «ቅድም ጎንበስ ቀና ስትል የነበረውስ?»

«እሱም ቀልድ ነው።»

«ከትናንት ጀምሮ ኳስ ወጣ፣ ሰው ወጣ ስትሉኝ የነበረው ሁላችሁ?»

ክበቡን ዞሬ አየሁት። ስልሳ ሰው፣ ሊቀመንበሩ ጭምር፣ ለኔ ትዳር ሲል ውሸታም ሆኖ ዝም አለ። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ፤ ግን አልጠቀመኝም።

መሪጌታ መነጽሩን በጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ ከተቱ። «ይኸ ከኔ ዘንድ ይቆይ» አሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። «ያላየውን አየሁ የሚል ሰው ነገ ያላደረገውን አደረግሁ ይላል። ልጄን ለእንዲህ ያለ ሰው አልሰጥም።» ብድግ አሉ፤ ሦስት አንገት ወደ ግራ መለስ እንዳለ ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ጀልባው ሲንቀሳቀስ ማስተዋልና እኔ ወደቡ ላይ ቆመናል። ሌሊቱን ስታለቅስ እንዳደረች ዓይኗ ይናገራል። «ምን ነካህ? በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነገር ለምን ካድኸው?» አለችኝ። ነገርኋት፤ አምፖሉን፣ ጨለማውን፣ የጀርመኑን ስንብት፣ ሁሉንም። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጀልባውን እያየች «ቆሎው» አለች።

«የምን ቆሎ?»

ልጅ ሳሉ እሷና ወንድሞቿ ከአባታቸው ቆሎ የሚሰርቁት በግራ በኩል ነበር። በቀኝ የመጣ ሌባ ሁልጊዜ ይያዛል፤ በግራ የመጣ ተይዞ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም፤ በግራ በኩል መልአክ ቆሞ የሚሸፍናቸው ይመስላቸው ነበር። እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ «ንገራቸው» አለችኝ፤ «አንቺ ንገሪያቸው» አልኋት፤ ሁለታችንም አንችልም። እሷ ያለ አባቷ ፈቃድ አታገባም፣ እኔም ይህን እንድታደርግ አልጠይቃትም። ጀልባው ትንሽ ነጥብ እስኪሆን ድረስ ቆመን አየነው።

ሦስት ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር አገጣጥማለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ነዝሮኛል። ክበቡም ቀዘቀዘ፤ መነጽሩን የለመደ ሰው ዝርግ ኳስ ማየት ይሰለቸዋል። በአራተኛው ሳምንት የፋብሪካው ዘበኛ «ቄስ በር ላይ ይፈልጉሃል» ብሎ ጠራኝ። መሪጌታ ይትባረክ ነበሩ፤ ብቻቸውን። መነጽሩን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል።

አጥሩ ጥግ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እሳቸው ተረኩ። እቤት ሲገቡ መነጽሩን መስኮት ላይ አኑረውት ነበር። አንድ ቀን ባለቤታቸው፣ አንዲት ጎረቤት ወተት ስትንጥ እያዩ፣ መነጽሩን ለጨዋታ ያህል ዓይናቸው ላይ ያደርጉታል። የመናጫው ቅል በገመድ ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ባለቤታቸው «ኧረ ቅሉ ይዞራል» አሉ፤ ወፍጮ እንደሚዞር ክብ እየሠራ ይዞራል። መሪጌታ ተቀብለው አዩ፤ ቅሉ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፤ አልዞረም።

«ሚስቴ አትዋሸኝም» አሉ መሪጌታ። «ደቀ መዛሙርቴን ጠራሁ። አንድ ላይ አልጠየቅኋቸውም፤ አንዱ ካንዱ እንዳይሰማ ለየብቻ እያስገባሁ ጠየቅሁ። አሥራ አንዱም ይዞራል አሉ። ወዴት ነው የሚዞር አልሁ፤ አሥራ አንዱም ወደ አንድ ወገን አመለከቱ። እንግዲህ ሐሰት እንዲህ አይገጥምም። አሥራ ሁለት ሰው የሚያየውን እኔ ካላየሁ ጉድለቱ ከኔ ነው ብዬ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። መነጽሩን ተውሁትና ግራ ዓይኔን በእጄ ከደንሁ፤ ጣና እንዳለ ነው። ቀኜን ከደንሁ።» አሁንም ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። «ጣና የለም።»

ጨርቁን ፈትተው መነጽሩን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ልጅ ሆነን ለአምስት ተማሪ አንድ መጽሐፍ ነበረን» አሉ ቀጥለው። «ክብ ሠርተን ነው የምንቀመጠው። ፊት ለፊት የደረሰው አቅንቶ፣ ማዶ የደረሰው ገልብጦ፣ ጎን የደረሰው በጎን ማንበብ ይለምዳል። የኔ ቦታ ጎን ነበረች፤ መጽሐፉ በቀኜ። ይኸን አንገት ከዚያች ቦታ ያገኘሁት ነው እያልሁ ኖርሁ። ለካ ቦታዋን የመረጠልኝ ዓይኔ ኖሯል።» ከዚያ ያንኑ ቀኝ ዓይን አምጥተው ተከሉብኝ። «አንተ በዚያ ምሽት አውቀኸው ነበር?»

እዚህ ላይ አላወቅሁም ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። ንጹሕ እሆን ነበር፤ የዋህ የፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀልድ ተሳሳተ ይባል ነበር።

«አውቄ ነበር፣ መሪጌታ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

«በሰው ፊት እርስዎ ከሚያፍሩ እኔ ልፈር ብዬ ነው።»

የፋብሪካው የምሳ ደወል ጮኸ፤ ሠራተኛው በአጠገባችን እየተንጋጋ ወጣ። «ያም ቢሆን ውሸት ነው» አሉ በመጨረሻ። «አርባ አንድ ስግደት ትሰግዳለህ።»

«እሺ። ማስተዋልንስ?»

«ስግደቱን ስትጨርስ እንነጋገራለን» አሉና ከድንጋዩ ተነሡ። ሳላስበው ቦታ ለወጥሁና በቀኛቸው በኩል ሄድሁ። አዩኝ፤ ግንባራቸው ተፈታ። በዚያው ሳምንት ጉልበቴ እስኪላላ ሰገድሁ፤ በወሩ ሽማግሌዎቼ ቀን ቆርጠው ተመለሱ።

ስለ ደቀ መዛሙርቱ ሳልነግራችሁ ብቀር ቅር ይለኛል። መሪጌታ ሰብስበው እውነቱን አወጡ፤ አንገቱ የዜማ ሥርዓት ሳይሆን የዓይን ሕመም እንደሆነ ነግረው ከዛሬ ጀምሮ አቅኑ አሉ። ሞከሩ። ዜማው ተበላሸ። ትልቁ ደቀ መዝሙር በትሕትና ቀርቦ «የኔታ፣ እርስዎ በሕመም ያገኙትን እኛ በትምህርት ነው ያገኘነው፤ አንመልስም» አላቸው። በሠርጌ ፎቶግራፍ ላይ አሥራ አንድ ሰው ፊቱን ወደ ግራ መልሶ ቆሟል፤ አሥራ ሁለተኛው እኔ ነኝ።

ከሠርጉ በኋላ በዓመቱ ቁንዝላ ሄድን። መሪጌታ ከዋንዛ ሥር ተቀምጠው አንድ ሳህን ቆሎ በቀኝ ጉልበታቸው አጠገብ አድርገዋል። እኔ ፈንጠር ብዬ ጀልባ አያለሁ። ማስተዋል ከቤት ስትወጣ ኮቴዋን ሲሰሙ፣ ሳህኑን ብድግ አደረጉና በግራቸው በኩል አስቀመጡት፤ ወደ ሐይቁም ማየታቸውን ቀጠሉ። እሷ በልጅነት መንገዷ በግራ ዞራ መጣች፣ ዘገነች፣ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ዘገነች። ሳህኑ ሲያልቅ ጉንጯን ሞልታ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አባዬ፣ ቆሎውን ማን ጨረሰው?»

«እንጃ» አሉ መሪጌታ፤ «እዚህ የደረሰ ሰው የለም።»

ጺማቸው ሥር ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ። በሁለት ዓይኔ ነው ያየሁ። ውሸት ለማይወድ ሰው ይኸ ምን ይባላል ብዬ ብጠይቅ ደስ ባለኝ፤ ግን አማች ነኝና ዝም አልሁ።

በማግሥቱ ጠዋት በማለዳ ብወጣ መሪጌታ ግቢው ጥግ ላይ ጋቢያቸውን አገልድመው ይሰግዳሉ። ወደ ቤት ልመለስ ብዬ ነበር፤ ልማድ ሆኖብኝ ቆጠርሁ። አርባ አንድ ሲሞላ አቆሙ። ጉልበታቸውን አራገፉ፣ ወደ ቤት ገቡ፣ አንድ ሳህን ቆሎ ይዘው ወጡና ዋንዛው ሥር ተቀምጠው በግራቸው በኩል አኖሩት።